ከሸራው ስር

ኮምቦልቻ ላይ ወሬ ከመኪና ቀድሞ ይገባል፤
ከጅቡቲ ይነሳል፣ ሚሌን ያልፋል፣ ባቲ ላይ ሻይ ይጠጣል፤
ሲመሽ ከኛ ጋራዥ በር፣ የተጣለ ጎማ ላይ ይቀመጣል።

«የመጪው ዓመት ፒክአፕ» አለ ሙሄ ጎማ፣
እጁን በናፍታ እየታጠበ፣ ማንንም ሳይሰማ፣
«ፍሪሲዮን የለውም አሉ፤ ማርሽም የለው፤
‹እግርህን ሰብስበህ ተቀመጥ› ነው የሚለው።»

«ውሸት!» አለ ደላላው በላቸው፣ ሁለት አሮጌ ሸጦ
ሦስተኛውን ሊሸጥ ከማክሰኞ ጀምሮ ተቀምጦ፤
«ሞተሩ ነው ያነሰው፤ ጉልበቱ በረታ፤
ግማሹ በባትሪ ነው፣ ግማሹ በናፍታ፤
ሐረጎን ሲወጣ አይሰማም፤ እንደ ድመት ኮቴ።»
«ታዲያ አህያው በምን ሰምቶ ገለል ይበል ከፊቴ?»
አለች ሉባባ፤ ሽንኩርቷን ደሴ፣ ሰኞ ገበያ የምታወጣ፣
ፒክአፕ ልትገዛ አምስት ዓመት የቆየች
«የሚቀጥለው ይሻላል» እያለች፣ የሚቀጥለው እስኪመጣ።

ጋቢናው አልጋ ይሆናል አሉ፣ ወንበሩ ሲታጠፍ፤
ካርታ አለው፣ ይናገራል፣ ኬላውን ሳታልፍ።
«ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድስ?» አልኩ፤ «የገዛ አፍንጫህ ሲጠፋ?»
«በራሱ ዓይን ነው የሚያልፈው፤ በሰው ዓይን የለውም ተስፋ።»

እኔ በያጅ ነኝ።
ስለ ሞተር አትጠይቁኝ።
የኔ ነገር ከጋቢናው ወዲህ ነው፣ ከካሶኒው፤
ፋብሪካው ጨረስኩ ያለውን እኔ ነኝ የምጀምረው፤
ቆሞ የሚሄድ ሰው የሚይዘው ብረት፣
ለጆንያ መደገፊያ፣ ለገመድ ቀለበት።
የሙሽራ ቁም ሳጥን ታስሮበታል፤ የበሽተኛ ቃሬዛም፤
«ይኸ ቀለበት ለምኔ?» ብሎ ያስነቀለ ባለመኪና የለም፤
ሁሉም አንድ ቀን አንድ ነገር ያስርበታል፣ ወይ ደስታ ወይ ሕመም።

በላቸው ታዲያ፣ ሊሄድ ተነስቶ፣ እንደ ቀላል ነገር፣
«ካሶኒውማ ብረት አይደለም አሉ፤ አልሙኒየም ነው» ብሎን ዞር።
ሸሪፍ፣ ተለማማጄ፣ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ
አየኝ። «ይበየዳል እንዴ?» አለ።
ኤሌክትሮድ ቆጠርኩ።
አሥራ ሦስት። ደግሜ ቆጠርኩ።

ሐሙስ ቀትር ላይ ተሳቢው መጣ።
ስምንት አዲስ ፒክአፕ፣ ዓይነ ርግብ እንዳጠለቀች ሙሽራ፣
ተጠቅልለው፣ ተሸፋፍነው በሸራ።
ሹፌሩ ምሳ ገባ፤ ረዳቱ ከጎማው ጥላ ስር ተኛ፤
የኛ ሰፈር ግን አልተኛ።
ሙሄ ጎማውን ዳሰሰ፤ «ይኸ ቁጥር ከየት ይገኛል?» ብሎ ተከዘ፤
በላቸው የገመዱን ቋጠሮ ሳይቀር ፎቶ ያዘ፤
ሉባባ በክንዷ ለክታ «አሥር ጆንያ ይጨምራል» አለች፤
ወዲያው ደግሞ «የሚቀጥለው ይብሳል» አለችና ሳቀች።
ከቦርከና በኩል ነፋስ መጥቶ ሸራውን ገለጥ ሲያደርገው
«መብራቱ ጠባብ ነው!» «የለም፣ ሰፊ ነው!»
ሁሉም ያየው ከቤቱ ያሰበውን ነው።

እኔ በኋላ ዞርኩ። ጆሮዬን ሸራው ላይ አስጠግቼ
በጣቴ አንጓ አንኳኳሁ፤ ትንፋሼን ገትቼ።
ሠላሳ ዓመት ብረት ያነጋገረ ጆሮ ነው፤
ከቀለም ስር የተኛ ዝገት ሲያንኮራፋ የሚሰማው።
መለሰልኝ።
«እህስ?» አሉ። ሉባባ እንኳ ዝም ብላ አየችኝ።
«ይበየዳል» አልኩ።
ተሳቢው ወደ ሐርቡ እስኪጠፋ ድረስ መንገዱን አየሁ እንጂ ሰዎቹን አላየሁ።

ማታ ልንዘጋ ስንል ሸሪፍ በርሜሉን በጣቱ መታ፤
ከዚያ ምሳ የበላንባትን ድስት፤ ቀስ ብሎ፣ በእርጋታ።
«እንደ ድስቷ ነበር አይደል? እኔም አንኳኩቼ ነበር፤ ሰምቼዋለሁ።»
ቁልፉን ከኪሴ ስፈልግ ቆየሁ።
«ነገ» አልኩት፣ «ድስቷን ይዘሃት ና፤ እንበሳትና እንሞክራለን።»