ግራ፣ ቀኝ፣ ቀስ ብለሽ

ቂርያት ማላኺ፣ ከጋራዣችን ጓዳ፣
ክሪክ ላይ ተሰቅላ የሲማንቶብ ማዝዳ፤
ዘንድሮ ብቻ ሁለት ጎማ በላች፣ ሦስተኛው ዕዳ።
"ጎማው ነው ሌባው" ይላል፣ ከደጅ ቆሞ እያጨሰ።
ጎማውማ ምስክር ነው፣ በውስጥ ጎኑ ያለቀሰ።

ከላይና ከታች ይዤ ነቀነቅኩት፤ ዝም።
ግራና ቀኝ ይዤ ነቀነቅኩት፤ ቋ!
ድምፅ ግን ያታልላል፤ ብረት ለብረት ያወራል፣
ከፊት የተናገረው ከኋላ ይሰማል።

"መሪውን ያዥ፣ ማስተዋል። ግራ፣ ቀኝ፣ ቀስ ብለሽ።"
ካርቶን ላይ በጀርባዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣
አውራ ጣቴን ቴስቲኒው አንገት ላይ ጭኜ
ጠበቅሁ።
እንደ ሕፃን እርግብግቢት
ትር... ትር...

"አባ፣ ተገኘ?"
ተገኘ። ላስቲኩ ተቀዶ፣ ግሪሱ አሸዋ ጠጥቶ፣
ኳሱ እንደ ልጅ ጥርስ ከድዱ ላልቶ።

ሲማንቶብ ጎንበስ አለ፦ "ነገ ዓመታዊ ቴስት አለብኝ፤
ግሪስ ለቅለቅ አድርግና ቀዳዳውን ሸፍንልኝ።"

ቀና ብዬ አየሁ። ማስተዋል መሪውን አልለቀቀችም፤
መንጃ ፈቃድ ካወጣች ወር እንኳ አልሞላትም።

"አሥራ ዘጠኝ ቁልፍ" አልኩ።
ሁለቱንም ጎን ፈታሁ፤ የአንዱን ብቻ አስከፈልኩ።