አሥራ ሁለት ጆሮ

«ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ይላል ያገሬ ሰው ሲተርት፤
እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ፣ ጀውሃ ሜዳ ላይ፣ በቆርቆሮ ቤት፣
ውሃ ራሱ ወቃጭ ሆኖ ዓለት ሲሰነጥቅ ሳዳምጥ አደርኩበት።

ሁለት ሺህ ሜትር ከእግሬ ሥር ትኩስ ድንጋይ አለ፣
እንፋሎቱን ይዞ መንገድ የከለከለ።
ሙሄ ከፓምፑ ዳር ሆኖ ውሃውን ይገፋል፤
ዓለቱ ጥቂት ያስባል፤
ከዚያ ጠቅ ይላል።
ቁንጫ በጥፍር ሲደፈጠጥ ከሚያሰማው አይበልጥም።
ለዚህ ነው ጆሮ የቀበርነው፣
አሥራ ሁለት ጆሮ፣ በየማሳው፣ በየድንበሩ።

አንዱ ያለው ጋሽ ደባልቄ ሽንኩርት ውስጥ ነው።
ሲቀበር ቆመው አዩና
«የኔን ሐሜት እንዳይሰማ ወደ ታች አዙሪው» አሉኝ።
ሳቅን።
ግን እውነታቸውን ነው፣ ሁሉን ይሰማል፦
የአህያቸውን ኮቴ፣ የወፍጮውን ንዝረት፣
የደሴ መንገድ ተሳቢ ከነጭነቱ ሲያቃስት፣
የውሃ ተራቸው ደርሶ በሌሊት ቦይ ሲከፍቱ
የዶማቸውን ምት።
የኔ ሥራ እነዚህን መሰረዝ ነው።
ሰውን ሁሉ ከሰረዝኩ በኋላ
የሚቀረው ምድር ነው።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
ወደ ሰሜን ይሄዱ የነበሩት ነጥቦች
ወደ ምሥራቅ ዘመሙ፤ አንድ፣ ሦስት፣ አሥራ አንድ።
በዚያ በኩል የቆየ ስንጥቅ አለ፣ ካርታችን የሚጠረጥረው፣
ጋሽ ደባልቄ ግን የሚያውቁት፦
«ካራቆሬ የተናወጠ ዓመት ያባቴ ጉድጓድ ደረቀ፣
በሳምንቱ ሞቆ ተመለሰ።»

ሬዲዮኑን አነሳሁ። «ሙሄ፣ አቁም።»
«ሁለት ሰዓት ብቻ ቀርቶን?»
«አቁም።»
ፓምፑ ዝም አለ። ዝምታው ውሻ አስጮኸ።
ምድር ግን ዝም አላለችም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ዓለት የጠጣውም እንዲያው ነው፣
አይመለስም ውሃው፣ ገፊው ቢተወው።
ጠቅ። ጠቅ። ረጅም ዝምታ። ጠቅ።

ሊነጋጋ ሲል አንዱ ከረር አለ፤
ማንኪያዬ ከሻይ ብርጭቆው ጋር ተነካካች።
ሽንኩርቱ ውስጥ ባለው ጆሮ የዶማው ምት ተቋረጠ።
ቆጠርኩ፤ ሃያ ሰከንድ፣ ሠላሳ፣ አርባ።
ጋሽ ደባልቄ ጨለማ ውስጥ ቆመው
የእግራቸውን ሥር ያዳምጣሉ፣
እኔ እሳቸውን።
ከዚያ ምት። ከዚያ ሌላ ምት።
ውሃው ወደ ሽንኩርቱ ገብቶ መሆን አለበት።

ጠዋት ዘገባዬን ሳሰናዳ
ወፍጮውን ሰረዝኩ፣ ተሳቢውን፣ አህያዋን።
ያቺ አርባ ሰከንድ ግን እጄ ላይ ቀረች።
«ምንጭ» በሚለው ሳጥን ውስጥ
«ጆሮ አሥራ ሦስት» ብዬ ጻፍኩ።