ነጭ ሁለት

«ሦስት ጥቁር፣ አንድ ነጭ፣ ሦስት ጥቁር፣ ዳማ፤»
ጋሽ አጥላባቸው ሲጠራ ድምፁ እስከ በር ይሰማ።
ካሬ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ፣
እግሩ የተሰበረ መነጽሩን በሱፍ ክር ጎትቶ።
እኛ ስምንት ሴቶች፣ ከድሩ ፊት ባግዳሚ ተደርድረን፣
ቀና አንልም። እሱ ይላል፣ እኛ አሰርን።
ውጭ ደብረ ብርሃን ነው፤ አመዳዩ ገና ከሣሩ አልለቀቀም፤
ጣታችን የኛ አይመስልም፤ ቁጥሩ ግን አይደነዝዝም።

አልዋሽም፤ ቁጥር ደግ ነው።
ከሞላሌ ስመጣ፣ እንኳን አንበሳ ድመት መሳል የማላውቅ፣
በሦስት ወር ጎፈር ሠራሁ፣ ሰው ቆሞ የሚያየው፣ የሚደነቅ።
ቁጥር ባይኖር ጭራው ከእግሩ በተጠላለፈ፣
ስንቱ ኪሎ ሱፍ በከንቱ ባለፈ።

ታዲያ አንድ ዓመት ትእዛዝ መጣ፤ ላንድ ሆቴል፣ አርባ አንበሳ፤
ከትእዛዙም ጋር አንድ ባለሙያ፣ ኮምፒውተሩን ከቦርሳ
አውጥቶ ግድግዳችን ላይ መብራት አበራ፦
«የሚሸጥ አንበሳ ፊቱ ወደ ገዢ፣ ጭራው ጥምዝ ወደ ግራ፤
ከአራት ቀለም አይበልጥም፤ አያገሳም፣ ሕፃን እንዳያስፈራ።
ዓይኑ፦ ጥቁር አራት፣ ነጭ አንድ፣ ጥቁር አራት። በቃ።»
አጨበጨብን። ሻይ ነበረ፣ ዳቦ ነበረ፣ ስብሰባው አበቃ።

ሠራን። አምስት፣ አሥር፣ ሃያ ሁለት አንበሳ፣
እናቱ ብትመጣ እንኳ ልጇ የቱ እንደሆነ የምትረሳ።

ሃያ ሦስተኛው የደብሪቱ ነበር።
ዓይኑ ላይ ደርሳለች። ጋሽ አጥላባቸው «ጥቁር አራት...» ሲል፣
ከመናኸሪያው ወገን የመሐል ሜዳው አውቶቡስ ጥሩንባ።
ረጅም። ሁለት ጊዜ።
ደብሪቱ አንገቷን አዞረች።
እጇ አልዞረም፤ እጇ ሥራ ላይ ነው፤ ብቻውን ነጭ ሁለት ቋጠረ።
ማን እንደሚመጣላት አልጠየቅናትም። የመጣም አልነበረ።

ከድሩ ሲወርድ ዘርግተን አየነው፤ ዝም አልን።
አንበሳው እኛን አያይም።
አንድ ነገር ሰምቷል፤ ከጀርባችን፣ ከበሩ ማዶ፤
ሊነሣ ነው፣ ወይም ሊቀር፤ ገና አልወሰነም፤
ምንጣፍ መሆኑን ለጊዜው ረስቶታል።

ተቆጣጣሪው በማስመሪያ ለካው፤ በጠመኔ «ስህተት» ጻፈ፤
ከደብሪቱ ደመወዝ ላይ የሱፉ ዋጋ ተገፈፈ።
ምንጣፉም ዘበኛው ቤት ገባ፣ የንፋስ መግቢያ ሊደፍን፤
ከዚያ ወዲህ ነው ሰላምታችን በዝቶ ዘበኛው የጠረጠረን።
ሹፌር ቆሞ ያያል። ሱፍ ሊሸጥ ከመንዝ የመጣ ቆሞ ያያል።
አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ራሱ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ቆየ።
በማግስቱ አዲስ ወረቀት ወጣ፦
«ዓይን፦ ጥቁር አራት፣ ነጭ ሁለት፣ ጥቁር ሦስት።»
ማኅተም አለው። ቁጥር አለው። ስም የለውም።

ስልሳ ሠራን። ስልሳውም ነጭ ሁለት። አንዱም ምንም አልሰማ፤
ጎን ጎኑን ያያል፣ ሒሳብ ሳይከፍል ሊወጣ እንዳሰበ ሰው በጨለማ።

እኔም አንድ ማታ፣ ሰው ሲበተን ቀርቼ፣
ማንም ሳይጠራልኝ ሦስት ነጭ አሰርኩ፣ በድፍረቴ ኮርቼ።
ጧት ደብሪቱ አየችውና፣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ፣
«ውይ፣ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል፤ ጸበል ውሰጂው» አለች በፌዛ።
ፈታሁት። እስከ ምሳ ድረስ ፈታሁት።
«ያን ቀን ግን ምን አደረግሽ?» አልኳት።
«ምን አደረግሁ? ተሳሳትኩ። ገንዘቡንም ከፈልኩ።»

ዛሬም ጋሽ አጥላባቸው «ጥቁር አራት፣ ነጭ ሁለት» ይላል።
ከመናኸሪያው ወገን ጥሩንባ ይነፋል።
ሰባታችን ቀና አንልም፤
ወረቀቱ ላይ ጥሩንባ የለም።
ደብሪቱ ግን እጇን ከድሩ ታነሣለች፣
ድምፁ እስኪያልፍ ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች፤
ከዚያ፣ ልክ እንደ ወረቀቱ።