የኪስ ወረቀት

ማሽኑ ሳይነሣ ኪስ እፈትሻለሁ፤
መጥራህ፣ ከወደቡ ጀርባ፣ ልብስ አጥባለሁ።
ብሎን ይወጣዋል፣ ሳንቲም፣ የጥርስ እንጨት፣
አንዳንዴም ቀለበት፤
እመልሰዋለሁ። (አንዱን አልመለስኩም፣
ባለቤቱን አጣሁ፤ ደግሜም አልፈለግኩም።)

በነሐሴ ወበቅ፣ ከክሬን ነጂ ቱታ
ወረቀት አወጣሁ፣ በላብ የተመታ፤
ፊደሉ ክብ ክብ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት፣
አንዱም አልገባኝም፤
ስንኝ መሆኑን ግን ዐወቅሁት ከቁመት።
መስመሩ እኩል ሲያልቅ፣ ቤት ሲመታ፣ ያስታውቃል ለዓይን፣
ፊደሉን ባያውቁትም እንኳን።

ሱኩማራን ይባላል፣ ከኬራላ ነው ሰውየው፤
ግሥ በሌለው ዐረብኛ ፈታልኝ ምን እንዳለው፦
"ቤት። ዝናብ። እናት። በር የለም።" ይኸው ነው።

ሐዘን ነው አልኩና፣
ክራሬን ትዝታ ቃኘሁ፣ በለሆሳስ ቃና
(አራተኛው አውታር የዓሣ መረብ ናይሎን ነው፣
ከጃንጊያን በሁለት መቶ ባይሳ የገዛሁት)።
ሰገነቱ ላይ፣ በሮቶዎቹ መካከል ዘፈንኩለት።
ሰማኝ። ሰማኝና ሣቀ፣
ዕንባው እስኪወርድ፣ ሆዱን ይዞ እስኪንበረከክ ሣቀ።

"አጎቴ ነው!" አለኝ፣ "ያ ሰካራም አጎቴ!
በር ነቅሎ ሄደ፣ ታንኳ ሊሠራበት፤
ጎርፍ በመጣ ጊዜ ያቺ ጉደኛ እናቴ
ጎረቤቱን ሁሉ አሻገረችበት፣
እያስከፈለች፣ በነፍስ ወከፍ፣ በዚያው በር፣ በኛው ቤት!"

አፍሬ ፈታሁት። ከትዝታ አውጥቼ ባቲ ላይ ጣልኩት፣
በሩ ታንኳ ሆኖ እስኪንሳፈፍ ድረስ አጣደፍኩት።

ከዚያ ወዲያ ወሬ ወጣ፤ ሳልፈትሽም ይመጡልኛል።

ቢ ዙወይና፣ የባለቤቱ አክስት፣ ዛንዚባር የተወለደች፣
የአያቷን ስንኝ ሰጠችኝ፣ ጠረጴዛ እያንኳኳች፤
አንዷን ቃል ግን "አትተረጎምም፤ እንዳለች ያዣት" አለች።
ያዝኳት። ዜማው እዚያ ሲደርስ ክራሩ ብቻውን ይላታል፣ አንዴ፣
እኔ ዝም እላለሁ። እስከ ዛሬም አላወቅኋትም፣
ቅርንፉድ ትሁን፣ ወይ ሆዴ።

ጃንጊያን፣ ዓሣ ሻጩ፣ ባሉቹ፣ "ፊትሽን አዙሪ" አለኝ፤
በዚያ ሁሉ ጢሙ የእናቱን እሹሩሩ ማለት አፈረብኝ።
ጀርባዬን ሰጥቼው፣ ባሕሩን እያየሁ ሰማሁት።
ዜማ አልሠራሁለትም። ዜማ ነበረው። ተከተልኩት።

"ያንቺስ?" አለ ሱኩማራን አንድ ዓርብ ማታ።
የኔማ ሁለት መስመር ናት፣
በሌሊት ፈረቃ፣ በሳሙና ካርቶን የጻፍኳት፦

      ባሕሩ ከማዶ ስሜን ጠራ ጠራ፣
      አቤት እንዳልለው አፌ ጨው አፈራ።

በክብ ክብ ፊደሉ ገልብጧት ሄደና፣ በሳምንቱ መጣ፣
ባገሩ ዜማ ቃኝቶ፣ ጄሪካን እየመታ፤
"ጠ" ግን አልወጣለትም፣ ምላሱ አለሰለሰው፤
"ስሜን ተራ ተራ" ብሎ ነው የዘፈነው።

ላርመው አፌን ከፈትኩ።
ተራ ስም ነው ስሜ፣ ከደመወዝ መዝገብ ውጭ ማንም አይጠራው፤
በሰው አፍም ሲገባ፣ እንግዲህ፣ ደርሶ ይሆናል ተራው።
አላረምኩም።
ከታች መርከብ ጮኸ፣ ከኛ ቅኝት ወርዶ፣ ጥቂት፤
ናይሎኗን አውታር አላላኋት፣ እስክትደርስበት።