የዓርብ ተራ

ዘጠነኛ «ሐ»። ስልሳ ሁለት ነበርን፤
አንድ ዴስክ ለሦስት፣ እኔ፣ አንቺ፣ ሲፈን።
የጅማ ቀይ ጭቃ፣ ያው እንደምታውቂው፣
ከያዘ አይለቅም፣ በቢላ ነው የምትፍቂው፤
ከኮቺ፣ ከጊንጆ፣ ከመንቲና፣ ከቦዬ
ይገባል በቦቲ፣ በኮንጎ ጫማዬ።

ዓርብ በአሥር ሰዓት
መምህር ተካልኝ መዝገቡን ዘርግቶ፣
ጣቱን በስሞች ላይ ቁልቁል አንሸራቶ፣
ወንዶቹን ይዘላል እንደ ባዶ መስመር።
«ሲፈን፣ ራውዳ፣ ብዙዬ፣ መጥረግ እንጀምር!
ልመዱት፤ ነገ ትዳር ትይዛላችሁ፣
ያመሰግኑኛል ወደፊት ባሎቻችሁ።»
ክፍሉ ሳቀ። እኛም አብረን ሳቅን፣ ራውዳ፤
ሰው ሲስቅ መሳቅ ነው የዚያ ዕድሜ ዕዳ።

አንድ ዓርብ ግን ቁጭ አልሽ። አልተነሣሽም።
አልጮኽሽም፤ ዴስኩንም አልመታሽም።
«መምህር፣» አልሽ፣ «ጫማውን ቆጥሬዋለሁ፤
በየመደዳው ዞሬ አይቻለሁ።
ሠላሳ ስምንት ጥንድ የነሱ፣ ሃያ አራት የኛ፤
መጥረጊያው ብቻ ለምን ተተወ ለእኛ?
በፊደል ይጠራ፤ ሀብታሙ ነው መጀመሪያው፤
እኔ ‹ረ› ነኝ፤ ሲደርሰኝ የኔ ነው መጥረጊያው።»
ዝም። ከውጭ ኳስ ትነጥራለች፤
ሲፈን በዴስክ ስር እጄን ይዛለች።

«ምላስሽ ረዘመ! ተንበርከኪ ጠጠሩ ላይ!»
ሲፈን ሳትጠራ ወጣች፤ እኔም ከእሷ ሳልለይ።
አጥር ላይ የቆመ ሰው ሲያየን እንደ እንግዳ
«ሶላት ነው በለው!» አልሽኝ፤ ሳቃችን ፈነዳ።
ያ ሌላ ሳቅ ነበር።

ሦስት ዓርብ ክፍሉ ሳይጠረግ ዋለ፤
ጭቃው አቧራ ሆኖ በጨረር ዋለለ፤
ወንዱም ሴቱም እኩል አስነጠሰ።

አሁን የምነግርሽን የረሳሽው ይመስለኛል፤
ሃያ ዓመት ሆነው፣ ዛሬም ይቆጠቁጠኛል።
በአራተኛው ሐሙስ አባቴ ተጠራ፤
መንገዱን ዝም አለ፤ ያ ነው የሚያስፈራ።
ማታ ላይ፣ «ወይ ነገ» አለኝ፣ «ትጠርጊያለሽ፣
ወይ ደብተርሽን አምጪው፤ ቤት ትቀሪያለሽ።»

ዓርብ በአሥራ አንድ፣ ሁሉም ሰው ሲሄድ፣
ብቻዬን ተመለስሁ በጓሮ መንገድ።
ጠረግሁት። ጥጉን፣ ስንጥቁን፣ የዴስካችንን ስር፤
የጫማሽን ዳና ሳገኝ እጄ ጀመረ ሊታሰር።
ቀና ስል በሩ ላይ ቆመሻል፣
ሻሽሽ በዝናብ ርሶ፣ የረሳሽውን ደብተር ፈልገሽ መጥተሻል።
«አባትሽ?» አልሽኝ። ራሴን ነቀነቅሁ።
ትታኝ ትሄዳለች ብዬ ጠበቅሁ።
አልሄድሽም። ክምሩን በእግርሽ ለሁለት ከፈልሽው፤
ትንሹን አፍሰሽ ወጥተሽ ቦዩ ውስጥ ደፋሽው።
«ይህ የኛ ነበር፣» አልሽ። ትልቁን ከመሐል ተውሽው።
እስከ መናኸሪያ በአንድ ጃንጥላ ሄድን፤
ስለዚያ ነገር ግን ዳግም አልተነጋገርን።

ሰኞ የመጣ ሁሉ ክምሩን ዞሮ አለፈ።
መምህሩም አየው፤ መዝገቡን ከፈተ፣ ደግሞ አጠፈ።
ሀብታሙ ተነሣ። ረዥም፣ ዓይን አፋር፣ የመካኒክ ልጅ፤
መጥረጊያውን ያዘው እንደማያውቀው ሰው እጅ።
«እቴቴ!» አሉት ከኋላ። ጆሮው ቀልቶ ጠረገ፤
ጥጉን ዘለለው፤ ግማሹን ከዴስክ ስር ሸሸገ።
በሳምንቱ የተራ ዝርዝር በሩ ላይ ተለጠፈ፣
ራሱ ያሰበው ይመስል በመምህሩ እጅ የተጻፈ።

ሲፈን አጋሮ ናት፣ ሦስት ወልዳ። አንቺን በስልክ ነው የማገኝሽ፤
ስለ ልጆች፣ ስለ ዋጋ፣ ስለ ዝናብ ነው የምጠይቅሽ።
ክምሩን ስትከፍይው እኔን ወዴት ጣልሽኝ?
ልጠይቅሽ እላለሁ፤ እዚያ ላይ ቃል ያጥረኛል፣ ሳቅሽ ይቀድመኝ።

ትናንት ማታ ዘነበ፣ ያው የጅማ ዝናብ፣
ቆርቆሮ ላይ ቆሞ እንደ ልቡ የሚያነብ።
ጠዋት ልጄ ገባ፣ ጫማውን ሳይጠርግ።
መጥረጊያ ሰጠሁት። አየኝ፤ «ምን ላድርግ?»
«ከጥጉ ጀምር፣» አልኩት።