መልስ

ከአዳማ መውጫ፣ ከፈጣኑ መንገድ አፍ፣
የመስታወት ጎጆ አለኝ፣ አንድ ሰው ብቻ የምታሳርፍ።
ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያች ጠባብ መስኮት፣
ብር ስቀበልባት፣ መልስ ስሰጥባት፣
ጣቴ ከዓይኔ ቀድሞ ኖቱን እስኪለይ ድረስ፤
ተሳስቼ አላውቅም ነበር በአንዲት ብር መልስ።

እና በጥቅምት፣ ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣
ነፋሱ ከተራራው ወርዶ ሲያፏጭ በጣቢያ፣
አንድ አይሱዙ ቆመ፣ ቲማቲም የጫነ፤
ሾፌሩ መቶ ብር ሰጠኝ፤ ከዚያ እንጃ ምን እንደሆነ።

መልሱ አሥራ ሁለት ብር። ሕፃን የማይስተው።
ጣቴ ደነዘዘ። ብሩን አያለሁ፣ አላውቀው።
ልቤ በር እንደተቆለፈበት ሰው ደረቴን ይደበድባል፣
ትንፋሼ ጉሮሮዬ ደርሶ ይመለሳል፤
መስታወቱ ጠበበ፣ ጣሪያው ወረደብኝ፣
መሞቻዬ ይቺ ሣጥን ናት መሰለኝ።
ከኋላ ጥሩምባ። ከኋላ የመብራት ጎርፍ።
ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ፦ «እህት፣ መልስ! እንለፍ!»

ሌሊቱን ሆስፒታል አደርኩ። ደረቴ ላይ ሽቦ ለጠፉ፤
ወረቀት ላይ ተራሮች ወጡ፣ ረገፉ።
ወጣቱ ሐኪም አየና «ልብሽ ደኅና ነው» አለኝ።
ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ የዋሸሁ ያህል አሳፈረኝ።

ከዚያ ምክር ዘነበ።
አከራዬ «ዓይን ነው» አለች። ወንድሜ «ትዳር ቢኖርሽ።»
እናቴ ጠበል በሃይላንድ ሞልታ ላከችልኝ፤
ጠጣሁት፤ የእጇ ሽታ ነበረው።
ሁሉም «ቻይው» አለኝ።
መቻሉንማ ችዬው ነበር፤ የቻልኩት ነው የጣለኝ።

ከዚያ ወዲያ ሞትን አልፈራሁም፤ ፍርሃቴን ነው የፈራሁት።
ታክሲ ውስጥ ከበሩ አጠገብ ካልሆነ አልቀመጥም፤
ባንክ ሰልፍ አይቼ፣ ደመወዜን ሳላወጣ ተመለስኩ።

ፋንታነሽ፣ የቀኑ ፈረቃ፣ ስልክ ቁጥር በደረሰኝ ጀርባ ጽፋ፣
«እኔም ሄጄ ነበር» አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ካዝናውን ቆልፋ።

ከጎማ ጥገና በላይ፣ ደረጃው ግራሶ ግራሶ የሚል፣
ኮምፕረሰሩ ቱሽ ባለ ቁጥር አብሬው የምዘል፤
ቀጄላ የሚባል ሰው፣ ሸሚዙ ያልተተኮሰ፣
ውኃ ቀድቶልኝ፣ እስክናገር በዝምታ የታገሠ።

«አይዞሽ» አላለኝም። «ከየት ይጀምራል?» አለኝ።
ከውስጥ እግሬ፣ አልኩት። አስፋልቱ ሲንቀጠቀጥ። መኪናው ገና ሳይታይ።
«እንደዚያ መኪና የሚያዳምጥ ሰው ታውቂያለሽ?»

አባቴ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበር።
እናቴ መብራት አጥፍታ የሞተር ድምፅ ትለያለች፤
እኔ ከጎኗ፣ ትንፋሼን ይዤ፦
«እሱ ነው?» «አይደለም።» «እሱ ነው?» «ተኚ።»
አባቴ አንድም ቀን አልቀረም። ሁልጊዜ መጣ።
ዛሬም ጡረታ ወጥቶ በር ላይ ዳማ ይጫወታል፤ ያጭበረብራል።
የሞተብኝ የለም፤ የማወራው የለኝም ብዬ ነበር።
ግን ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየመኪናው መብራት፣
ያቺ ልጅ «እሱ ነው?» ትላለች፤ ማንም «መጥቷል» ሳይላት።

መልሱን ንገረኝ፣ አልኩት።
«መልስ የለኝም» አለ። ሳቄ መጣ፤
መልስ በመስጠት የምኖር ሴት፣ ከፍዬ ያለ መልስ ስወጣ።

ሌላ ቀን ስለ መንገድ መዝጊያው ክንድ ነገርኩት፦
አሞራ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ፣ ጥላው ዓይኑ ላይ ሲያርፍ፣
መኪና መጣ ብሎ ይዘጋል። ሊጠብቀን ነው እንጂ ሊጎዳን አይደለም፤
ጥላና መኪና አልለይ ብሎት ነው።
ቀጄላ ብዕሩን አስቀመጠ። «ይኼን ያልሽው አንቺ ነሽ» አለኝ።

የሰጠኝ የቤት ሥራ ያስቃል፦
ሲመጣ አትሽሺ፤ ትንፋሽሽን ከሳብሽው አስረዝመሽ አውጪው፤
የፈራሽውን ጻፊ፤ በማግሥቱ፣ የሆነውን ከጎኑ።
ደብተሬ በግራ በኩል ሞልቷል።
በቀኝ፦ ምንም። ምንም። ጉንፋን። ምንም።

ድኛለሁ አልልም። ትናንት ሌሊት መጣ፣ ከውስጥ እግሬ።
ከተራራው ላይ የነፋስ ማመንጫዎቹ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል።
ጉልበቴ ራደ። ወንበሩን ያዝኩ። አልወጣሁም።
«እህት፣ መልስ» አለኝ ሾፌሩ።
አንድ አሥር። አንድ ብር። አንድ ብር።
እጄ እየተንቀጠቀጠ ቆጠርኩለት።
ክንዱ ተነሣ።
አለፈ።