ሰረዝ

ከዚራ፣ ከጥላው ሥር፣ ፀሐይ ስትበርድ፣
አራት ሰዎች አለን፣ ሰማይ የምንወድ።
ሌላው ኳስ ሲያወራ፣ የጫቱን ዋጋ መናር፣
እኛ አንገት ሰቅለን፣ ወደ ደንገጎ ዳር፦
ደመናው አርግዟል? ወይስ ባዶ ነው ሆዱ?
በሻሂ ነው ውርርዱ።

ዘርጋው የባቡር ሰው ነው፤ ሠላሳ ዓመት በሙሉ
ሰዉ ፉርጎ ሲጠባበቅ፣ እሱ ከጣቢያው ጓሮ
በመስታወት ብልቃጥ ለክቶ፣ የወረደውን ቆጥሮ፣
በመዝገብ ያሰፍር ነበር፣ ሚሊ ሜትሩን ከነክፍሉ።
አስካለ ከአውሮፕላን ማረፊያው፣ የነፋስ አመል አዋቂ፤
ሮብሌ የመጋላው በረዶ ሻጭ፣ ባለ ጋሪ፣ አሳሳቂ፤
‹ባለ ዝናብ› ማለት ነው፣ ስሙ በሶማልኛ ሲፈታ፤
በረዶ ቢቸረችር ታዲያ፣ ከስሙ መቼ ተፋታ?
አራተኛው እኔ ነኝ፤ ደብተር ያዥ፣ ልጅ እግር፤
ሲያጋንኑ የምቀንስ፣ ሲረሱ የምጨምር።

ዛሬም ያቺን ሚያዝያ አነሳናት፤ ሁሌም እናነሳታለን፤
ድሬ ነው፣ ‹አንቱ› የለም፤ በ‹አንተ› እንነታረካለን።

«ረፋዱ ላይ» ይላል ዘርጋው፣ «ሠላሳ ስምንት ነው ሙቀቱ፤
ሐዲዱ እጅ ያቃጥላል፤ ውሻ አይወጣም ከቤቱ።
ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ደንገጎ ጠቆረ፤ ጠቆረና
አረንጓዴ ሆነ፣ አቦ! አረንጓዴ ደመና!
አሞራው ዝም፤ ፍየሉ ዝም፤ የኒሙ ቅጠል ዝም አለ።
ከዚያ የጣቢያው ቆርቆሮ ላይ አንድ ጠጠር ዘለለ።
አንድ። ቆይቶ ሁለት። ቀጥሎ ሰማይ ጆንያውን ፈታ፤
ሌላ ምን ይሰማል? የሺህ መዶሻ ጫጫታ።»

«ሎሚ ያህል ነበር» ሲል ዘርጋው፣ «የለውዝ!» ይላል ሮብሌ፤
እኔ ‹ቴምር› ብዬ ጻፍኩ፤ መሃል መያዝ ነው አመሌ።

ሮብሌ ያን ዕለት ጋሪው ሙሉ ነበር፣ በረዶ፣
ሰጋቱራ ለብሶ፣ በጆንያ ተጋርዶ።
«እኔ ‹ግዙኝ› እያልኩ፣ ሰማዩ በነጻ ዘረገፈው፤
ልጁ በባልዲ፣ ሴቱ በሳፋ፣ ፖሊሱ በቆቡ አፈሰው።
ከአላህ ጋር ገበያ ገጠምኩ፤ ከሰርኩ፣ አቦ፣ ከሰርኩ፤
ጋሪዬ ላይ ተቀምጬ፣ እስከ መግሪብ ስቄ ሞትኩ።»

እኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ደረቁ ደቻቱ ነጣ፤
ጨው መስሎኝ ሮጥኩ፣ ቀመስኩት፤
ለእናቴ ብዬ በኪሴ ሞላሁት።
ሰፈራችን ሳቢያን ግን፣ ጠብታ እንኳ አልመጣ፤
ስደርስ ሱሪዬ ርሷል፤ «በዚህ ዕድሜህ!» ብላ ገረፈችኝ፤
እስከ ዛሬም አላመነችኝ።

አስካለ ዝም ብላለች፤ ማንኪያዋን ታማስላለች።
ሃያ ዓመት ስትጠብቀው፣ ያን ዕለት ሐረር ነበረች፣
የአክስቷ ልጅ ሠርግ ላይ። ስትመለስ በማግስቱ
እርጥብ አሸዋና የተበሳ ቅጠል ነው፣ በቃ፣ ምልክቱ።
ግን እሷም ታወራለች፦ «ሽታው ትዝ ይላችኋል?
የጋለ ሐዲድ ሲቀዘቅዝ... ያ ነገር የት ይገኛል?»
‹አዎ› እንላታለን። ከነበርነው ተርታ
እናስቀምጣታለን፤ አናርማትም ላፍታ።

መዝገቡ ዘርጋው ሳጥን ውስጥ ነው፤ ከፍተን አይተነዋል፦
ሚያዝያ ሃያ ሦስት፤ ሰረዝ።
ብልቃጡን ሁለተኛው ጠጠር ሰብሮታል።
ሠላሳ ዓመት የጣለው ሁሉ፣ ካፊያው እንኳ ቁጥር አለው፤
ያ ቀን ብቻ፣ ትልቁ ቀን፣ አንዲት አግድም ጭረት ነው።

የሮብሌን ምስጢር ልንገራችሁ፤ አሁን ይፈቅዳል፤
አንዷን ጠጠር ደብቆ ነበር፣ ከበረዶ ቤቱ ጓዳ፣
በፌስታል ቋጥሮ፣ በሚሸጠው በረዶ መሃል፣
አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፤ በረዶ ለበረዶ እንግዳ።

አምና መብራት ጠፋ። አንድ ቀን፤ ሁለት፤ ሦስት።
ሮብሌ ሊነጋ ሲል መጣ፣ ፌስታሉን እንደ ጫጩት ይዞ፤
ውሃ ናት። ሙቅ ውሃ። በሩ ላይ ቆመ፣ ፊቱ ደንግዞ።
ዘርጋው ሁላችንንም አስጠራ፤ መነጽሩን ጠረገና
በአዲሱ ብልቃጥ ቀዳት፤ አነበበ፣ ደግሞ እንደገና፦
«ዜሮ ነጥብ አራት።»
ከዚያ እርሳሱን ለአስካለ ሰጥቶ «አንቺ ጻፊው» አላት፤
«ይቺንስ በዓይንሽ አየሻት።»

ከሰረዙ አናት ላይ ጻፈች፤ ቁጥሯ እንደ ካፊያ ደቃቃ።
ሰረዙን አላጠፋችም። «እሱም ይኑር» አለች፤ በቃ።